ፍለጋን የሚያስተምር ሰው

ስለ ትምህርት ቤትና ስለ ቴክኖሎጂ በተነሣ ቁጥር ወሬያችን ስለ ዕቃ ነው። ስንት ኮምፒውተር ገባ፣ ስንት ታብሌት ታደለ፣ ዋይፋዩ ተዘረጋ ወይስ አልተዘረጋም። ዕቃው ያስፈልጋል፣ በዚህ ክርክር የለኝም። ግን ዓመታት ከተማሪ ጋር በአንድ የንባብ ጠረጴዛ ዙሪያ ያሳለፍኩ የትምህርት ቤት ላይብረሪያን ነኝና የሚታየኝ ጉድለት ሌላ ነው። ተማሪው ከኢንተርኔት ያገኘውን ይዞ መጥቶ «ቲቸር፣ ይሄ እውነት ነው?» ብሎ የሚጠይቀው ሰው በብዙ ትምህርት ቤት ውስጥ የለም። ያ ሰው የቤተ መጻሕፍት ባለሙያው መሆን አለበት እላለሁ። ደግሞም ባለሙያው ኮርስ ጨርሶ፣ ሰርተፊኬት ይዞ እስኪመለስ መጠበቅ አያስፈልግም። ከልጆቹ አጠገብ ተቀምጦ፣ እነሱ ሲከፍቱ እያየ፣ እሱም እየጠየቃቸው፣ አብሯቸው መማር ይችላል። እኔም የተማርኩት እንደዚሁ ነው።

የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት በምን ዓይን እንደሚታይ የምናውቀው ነው። ሕመም ያደከመው መምህር፣ ክፍለ ጊዜ ያልሞላለት መምህር፣ ጡረታው የተቃረበ ሠራተኛ «ላይብረሪ ይግባ» ይባላል። ከገባ በኋላ የሚጠበቅበት መታወቂያ ተቀብሎ መጽሐፍ ማዋስ፣ ጸጥታ ማስከበርና ሰኔ ላይ የጠፋ መጽሐፍ ማስከፈል ነው። ኮምፒውተር ሲመጣ በቀጥታ አይሲቲ ክፍል ይገባል፤ ወደኛ የሚደርሰው ከዚያ የተረፈው አሮጌው ነው። በዚህ አሠራር የሚጎዳው ሠራተኛው ብቻ አይደለም። ተማሪው በስልኩ ሙሉ ዓለም ይዞ፣ የያዘውን የሚያጣራበት ቦታ አጥቶ ይቀራል።

ዕቃን ከሰው ማስቀደም ምን እንደሚያስከትል ከፕላዝማው ዘመን መማር እንችል ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በእንግሊዝኛ ተዘጋጅቶ በሳተላይት ወደየክፍሉ የፕላዝማ ቴሌቪዥን ይተላለፍ ጀመር። ገጠር ያለውም ከተማ ያለውም ተማሪ እኩል ትምህርት ያግኝ የሚለው ሐሳብ ክቡር ሐሳብ ነበር። ቴሌቪዥኑ ግን ተማሪው ገባው አልገባው ቆሞ አይጠይቅም። መምህሩ መግቢያውን ተናግሮ ይከፍታል፣ መጨረሻ ላይ በተረፉት ጥቂት ደቂቃዎች ያጠቃልላል፣ ከዚያ ይዘጋል። መብራት ከሄደማ ትምህርቱም አብሮ ሄደ። የዚያ ዘመን ተማሪዎች ዛሬ ወላጆች ናቸውና ምስክርነቱን ለእነሱ እተዋለሁ።

ሌላም ታሪክ አለን። በ2012 እ.ኤ.አ. «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የተባለው ድርጅት በወንጪና በወለንጭቲ አካባቢ፣ ትምህርት ቤት ላልገቡ ሕፃናት ያለ አስተማሪ ታብሌት ሰጠ። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እንደተናገሩት ሕፃናቱ ማብሪያውን በደቂቃዎች ውስጥ አገኙ፤ ወራት ሲቆጠሩም ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ራሳቸው አስከፈቱት። ይህን ታሪክ እወደዋለሁ፣ ለማመንም አልቸገርም፤ የልጆቻችንን ብልኅነት በየቀኑ በዓይኔ አየዋለሁና። ነገር ግን ካሜራ ማስከፈት አንድ ዕውቀት ነው፤ የመጣልህ ምስል መቼና የት እንደተነሣ መመርመር ደግሞ ሌላ ዕውቀት ነው። ሁለተኛው በመነካካት ብቻ አይገኝም። የሚያሳይ ሰው ይፈልጋል።

ምን ማሳየት እንዳለብን በደንብ ያስረዳኝ በአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሳም ዋይንበርግና ሣራ ማግሩ ያደረጉት ጥናት ነው። 10 የታሪክ ምሁራን፣ 10 የመረጃ አጣሪ ጋዜጠኞችና 25 የስታንፎርድ ተማሪዎች የተለያዩ ድረ ገጾችን እያዩ የትኛው እንደሚታመን እንዲለዩ ተደረገ። ስማቸው የሚመሳሰል ሁለት የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበራትም ቀርበውላቸው ነበር። አንዱ ከ1930 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለና በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ አባላት ያሉት ነው፤ ሁለተኛው ግን ከእሱ ተገንጥሎ የወጣ ትንሽ ቡድን ነው። ብዙዎቹ ተማሪዎች ተታለሉ፤ ከታሪክ ምሁራኑም የተደናገሩ ነበሩ። ገጹ ላይ ተቀምጠው ከላይ እስከ ታች በጥንቃቄ አነበቡ፣ አርማውን አዩ፣ አቀራረቡ ጨዋ መሆኑን አዩ። አጣሪዎቹ ግን ገጹን ገና ሳያነቡ ትተውት ወጡ። አዲስ መስኮት ከፍተው «ስለዚህ ማኅበር ሌሎች ምን ይላሉ?» ብለው ፈለጉ፤ በጥቂት ደቂቃ ማንነቱን ደረሱበት።

ለእኛ ይህ ትልቅ ነገር ነው። እኛ ያደግነው የተሰጠንን ገጽ በትኩረት አንብበን፣ ከተቻለም በቃላችን ይዘን ነው። በታተመ መጽሐፍ ላይ ይህ ልማድ ጠቅሞናል፤ አርታኢም አሳታሚም አልፎበት የመጣ ነውና። ማንም በስልኩ ለሚለጥፈው ጽሑፍ ግን ያንኑ አክብሮት ስንሰጠው እንጎዳለን። ስለዚህ በቤተ መጻሕፍታችን ልጆቹን መጀመሪያ ያለማመድኳቸው ከገጹ መውጣትን ነው። ገጹን ተወው፣ ስለ ጸሐፊው ፈልግ፣ ሌላ ቦታ የተባለውን አይተህ ተመለስ።

ልምምዱ ፍሬ ሲያፈራ ያየሁት በሚኒ ሚዲያ ክበብ ነው። ሚኒ ሚዲያ ምን ያህል ጉልበት እንዳለው ትምህርት ቤት ያልዋለ ሰው አይገምተውም። ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለ በኋላ በማይክ የተነበበ ዜና ማታ በየቤቱ ይወራል። ከክበቡ ልጆች አንዷ ከቴሌግራም ያገኘችውን የጎርፍ ፎቶ ይዛ መጣች፤ ከሥሩ የአገራችን ከተማ ስም ተጽፎበታል። «ቲቸር፣ ከማንበቤ በፊት ይዩልኝ» አለች። በጎግል የምስል ፍለጋ እንዴት እንደሚጣራ እኔም ያን ሰሞን የተማርኩት ከአንድ የ11ኛ ክፍል ልጅ ነበርና እሱንም ጠርተን ሦስታችን አንድ ስክሪን ላይ ተደፋን። ፎቶው ከዓመታት በፊት በሌላ አህጉር የተነሣ ሆኖ ተገኘ። ልጅቷ ዜናውን ቀደደችው፤ በምትኩ ፎቶው እንዴት እንደተጣራ ጽፋ በማግስቱ አነበበች። በዚያ ሳምንት ወደ ቤተ መጻሕፍቱ «ይሄንንም እንፈትሽ» እያሉ የመጡት ልጆች መጽሐፍ ሊዋሱ ከመጡት አልተናነሱም።

ከሁሉም በላይ ጊዜ የወሰደብን ግን በአማርኛ መፈለግ ነው። ስለዚህ ነገር የጻፈልን ሰው ጥቂት ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልንገራችሁ። ፊደላችን በዩኒኮድ የተካተተው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም ወዲህ ለብዙ ዓመታት፣ ጽሑፍ ሲተየብ የኖረው በአሮጌዎቹ የፓወር ግዕዝና የቪዥዋል ግዕዝ ዓይነት ፎንቶች ነው። ያኔ የተተየበ ጽሑፍ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ትርጉም አልባ የላቲን ፊደልና ምልክት ሆኖ ይታያል፤ በፍለጋም አይገኝም። በስካነር ተነሥቶ ፒዲኤፍ የሆነው መጽሐፍ ደግሞ ለኮምፒውተሩ ፎቶግራፍ እንጂ ጽሑፍ አይደለም። ቴሌግራም ላይ ከምናገኛቸው የአማርኛ መጻሕፍት ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ናቸው። ልጁ «ፈለግኩ፣ የለም» ሲለኝ፣ አለመኖሩና አለመገኘቱ ሁለት ነገር መሆኑን አስረዳዋለሁ።

የፊደሎቻችንም ጉዳይ አለ። ለእኛ ዓይን ዓድዋ፣ ዐድዋ፣ አድዋ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን እያንዳንዱ ፊደል የየራሱ ቁጥር አለውና ብዙ ጊዜ የተለያየ ውጤት ያመጣሉ። የ9ኛ ክፍል ልጆች «ዓፄ ኃይለ ሥላሴ» የሚለው ስም በስንት መንገድ ሊጻፍ እንደሚችል እንዲቆጥሩ አድርጌ ነበር። የመጀመሪያው ፊደል ሦስት ዓይነት፣ ፄ ሁለት ዓይነት፣ ኃ ቢያንስ ሦስት ዓይነት፣ ሥ ሁለት ዓይነት። አባዙት፤ ከ30 በላይ ነው፣ ያውም «ኃይለ ሥላሴ» አንድ ላይ ይጻፍ ወይስ ተለያይቶ የሚለው ሳይነሣ። የሒሳብ መምህራቸው ይህን ሰምተው ለማባዣ ትምህርታቸው ተጠቀሙበት። ልጆቹም የየትምህርቱን ቁልፍ ቃላት ከነአጻጻፋቸው ዘርዝረው ግድግዳው ላይ ለጠፉ፦ ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሀይ፤ ሕዋስ፣ ህዋስ፤ ሥርዓት፣ ስርአት። ይህ ዝርዝር በማንኛውም የኮምፒውተር ኮርስ ውስጥ አይገኝም። የሚሠራው አማርኛን አንብቦ ያደገ ሰውና ስልኩን እንደ እጁ መዳፍ የሚያውቅ ልጅ አብረው ሲቀመጡ ነው።

ከፈለጉ በኋላ የሚገኘውም ትንሽ ነው። የአማርኛው ዊኪፒዲያ ወደ 15 ሺህ የሚሆኑ ጽሑፎች አሉት፤ የእንግሊዝኛው ከ6 ሚሊዮን በላይ። ብዙዎቹ የአማርኛ ጽሑፎችም ሁለትና ሦስት መስመር ናቸው። መምህራን «ዊኪፒዲያ እንዳትጠቅሱ» ብለው ያልፋሉ። እኔ ደግሞ ልጆቹ እንዲጽፉበት እፈልጋለሁ፤ ምንጭ ማለት ምን እንደሆነ ከዚህ የተሻለ የሚያስተምር ነገር አላየሁምና። አንድ ልጅ ስለ ሰፈሩ ወንዝ መጻፍ ፈለገ እንበል። «ሁሉም ሰው ያውቀዋል» ተቀባይነት የለውም፤ የታተመ ማስረጃ አምጣ ይባላል። ያኔ ወደ መደርደሪያው ይሄዳል። የተክለ ጻድቅ መኩሪያን የታሪክ መጻሕፍት ያወርዳል፣ የጂኦግራፊውን መጽሐፍ ይገልጣል፣ ገጽ ቁጥር ይመዘግባል። ለዓመታት አቧራ ሲጠጡ የኖሩ መጻሕፍት በኢንተርኔት ምክንያት ሲገለጡ ማየት ለእኔ ታላቅ ደስታ ነው። ከሌላ መጽሐፍ ቀጥታ መገልበጥ እንደማይቻልም እዚያው ይማራል፣ የገለበጠው ይሰረዝበታልና። የእያንዳንዱ ገጽ የለውጥ ታሪክ ክፍት ስለሆነ ማን ምን ቀን ምን እንደቀየረ ተማሪው በዓይኑ ያያል። ዕውቀት በሰው እጅ የሚሠራ፣ የሚታረም ነገር መሆኑን በቃል ከማስረዳት ያን ገጽ መክፈት ይበልጣል።

የቤተ መጻሕፍት ሰው የጎደለውን መጽሐፍ ራሱ ማዘጋጀት እንደሚችል ያሳዩን አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ናቸው። በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ሲሠሩ በአማርኛ የተጻፈ የልጆች መጽሐፍ ስላጡ፣ በ2002 እ.ኤ.አ. የሞኙን ማሞ ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ አሳተሙ። ቀጥለው ወደ አገራቸው ተመልሰው ሾላ አካባቢ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፤ ሐዋሳ ላይም መጽሐፍ በአህያ ጋሪ ጭነው ወደ ልጆቹ ወሰዱ። እሳቸው ለኅትመት የደከሙበትን ያህል ዛሬ አያደክምም። በህንድ በ2015 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ስቶሪዊቨርና የደቡብ አፍሪካው አፍሪካን ስቶሪቡክ ሥዕል ያላቸውን የልጆች ተረቶች በነጻ ፈቃድ አስቀምጠዋል፤ ማንም ወደ ቋንቋው መልሶ ማተም ይችላል። የ10ኛ ክፍል ተማሪ አንድ ተረት ወደ አማርኛ፣ ወደ አፋን ኦሮሞ ወይም ወደ ትግርኛ ቢመልስ የታናሽ እህቱ የንባብ መጽሐፍ ሆኖ ይታተማል። እንዲህ ያለ አሳይመንት የሚሰጥ የቋንቋ መምህር ካለ ኮምፒውተሩን እኔ አዘጋጃለሁ።

«ኔትወርክ በሌለበት ይሄ ሁሉ ምን ያደርጋል?» የሚለኝ ብዙ ነው፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አይደለም። ኪዊክስ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፤ ዊኪፒዲያን ሙሉ በሙሉ አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል። የእንግሊዝኛው ከነሥዕሎቹ 100 ጊጋባይት ገደማ ስለሆነ አንድ ሃርድ ዲስክ ይበቃዋል፤ የአማርኛው በተራ ፍላሽ ይገባል። የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲው ፌት የሚባለው የሳይንስ ቤተ ሙከራም በዚሁ መንገድ ይጫናል። በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኙት ካርል ዊማን በ2002 እ.ኤ.አ. የጀመሩት ነው። ባትሪና አምፖል በሌለበት ትምህርት ቤት ልጁ ሰርኪዩት በስክሪን ላይ ይዘረጋል። ቴሌ ቤት ሄዶ ወይም ኔት ባለበት መሥሪያ ቤት ለምኖ አንድ ጊዜ ማውረድና ለጎረቤት ትምህርት ቤት ማካፈል የላይብረሪያን ሥራ ነው፤ ማዋስ ድሮም ሥራችን ነው።

አውርዶ ማስቀመጥ ኔት ባለበትም ይጠቅማል። የብሪቲሽ ላይብረሪ ከመቅደላ የተወሰዱትን ጨምሮ በርካታ የግዕዝ ብራናዎችን በዲጂታል አንሥቶ ለሁሉም ክፍት አድርጎ ነበር። በጥቅምት 2023 እ.ኤ.አ. የሳይበር ጥቃት ደርሶበት የብራናዎቹ ገጾች ለረጅም ጊዜ ተዘጉ። እነዚያን ገጾች ለታሪክ ትምህርት መጠቀም ለምዶ የነበረ መምህር ባዶ እጁን ቀረ። በአሜሪካ ሚኒሶታ ያለው የሂል ሙዚየም ግን፣ ነፍሳቸውን ይማርና ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ዕድሜያቸውን የሰጡበት የብራና ማይክሮፊልም ክምችት ያለበት፣ በነጻ ለተመዘገበ ሁሉ ብዙ ሥራ ያሳያል። ተማሪዎቻችን ስለ አገራቸው ብራና ለማየት የሚኒሶታን በር ማንኳኳት እንዳለባቸው ሲያውቁ የሚጠይቁኝ ጥያቄ ቀላል አይደለም። ይጠይቁ።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ከመጣ ወዲህ ደግሞ ሥራችን ጨምሯል። ልጁ አሳይመንቱን በደቂቃ አሠርቶ ከነዋቢ መጻሕፍቱ ይዞ ይመጣል። ከዋቢዎቹ ውስጥ ከነጭራሹ ያልተጻፉ፣ የታወቀ ደራሲ ስም ብቻ የተለጠፈባቸው ርእሶች ይገኛሉ። መከልከል አልሞከርኩም። የሠራሁት ዋቢ ማሳደድን ትምህርት ማድረግ ነው፦ እያንዳንዱን ርእስ በመደርደሪያችን፣ የዓለም ቤተ መጻሕፍትን ካታሎግ በሚያስስ ወርልድካት፣ ካስፈለገም ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍታችን ወመዘክር ድረስ ሄዳችሁ ፈልጉ፤ ያገኛችሁትን ገጽ አሳዩኝ። ልጆቹ ያልነበረ መጽሐፍ ሲያጋልጡ የሚሰማቸውን ኩራት ብታዩ።

ላይብረሪያኖች ይህን ሁሉ እንዴት ይማሩ ለሚለው፣ መንገዱ ከተፈተነ ቆይቷል። በ2006 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የሻርሎት ከተማ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የቴክኖሎጂ ኃላፊ የነበሩት ሔለን ብላወርስ ለሠራተኞቻቸው 23 ትንንሽ የቤት ሥራዎች አወጡ፦ ጦማር ክፈቱ፣ ፎቶ አጋሩ፣ ፖድካስት ስሙ፣ ዊኪ ላይ ጻፉ። አሠልጣኝ ፊት አልቆመም፤ ሠራተኛው በራሱ ጊዜ ሞክሮ የተማረውን ይመዘግባል፣ የጨረሰ ሙዚቃ ማጫወቻ ይሸለማል። ሐሳቡ በነጻ ስለተለቀቀ በብዙ አገር ያሉ ቤተ መጻሕፍት ወሰዱት። ከእነዚያ መሣሪያዎች ብዙዎቹ ዛሬ ተዘግተዋል ወይም ተረስተዋል፤ አይቆጭም፣ መሞከርን የለመደ ሠራተኛ ቀርቷልና። ለእኛ ስናዘጋጀው አንዱን የቤት ሥራ ከተማሪ ጋር እንዲሠራ ብናደርገው ደግሞ ይበልጥ ይሠምራል።

ጊዜው አይጠብቀንም። የ12ኛ ክፍል ፈተና በ2016 ዓ.ም. በከፊል በኦንላይን መሰጠት ጀምሯል። በዚያው ዓመት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ማውዝ ይዞ የማያውቅ ልጅ በዚህ ላይ ሌላ ሸክም ሊጨመርበት አይገባም።

ክረምት ላይ የቀጣዩን ዓመት ዕቅድ ለምታወጡ ርእሳነ መምህራንና ለትምህርት ጽሕፈት ቤቶች የምጠይቀው ይኸው ነው። ለ9ኛ ክፍል በሳምንት አንድ የቤተ መጻሕፍት ክፍለ ጊዜ በፕሮግራም ይግባ። ከአዲሶቹ ኮምፒውተሮች ሁለቱ ወደ ንባብ ክፍሉ ይምጡ። ላይብረሪያኑ ለሥራው ዳታ ይሞላለት፣ ከደሞዙ አያውጣ። በመምህራን ስብሰባም ወንበር ይኑረው። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ምን ይሁን ካላችሁ፣ ተማሪዎቹ የገዛ ትምህርት ቤታቸውን ስም በሁሉም አጻጻፍ ይፈልጉ፤ የተመሠረተበትን ዘመን ያገኙትን ከግቢው አንጋፋ መምህራንና ከመዝገብ ቤት ፋይል ጋር ያመሳክሩ፤ ስህተቱን ያርሙ፣ ያልተጻፈውን ይጻፉ።